መስመሩ እስኪጠራቀም

በዚያ ቤት አንድ መስመር ነበር፤ ሦስት ኮምፒውተሮች ይጠጡበታል። «ይጠጡበታል» የሚሉት አባ ፈረቃ ናቸው። አይፈረድባቸውም፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ረጅሙን የብረት መክፈቻ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየዞሩ፣ ሰኞ ለላይኛው ሰፈር፣ ማክሰኞ ለታችኛው፣ ረቡዕ ለጥጉ፣ ውሃ በፈረቃ ሲያድሉ ኖሩ። ስሙን ያወጣላቸውም ሰፈሩ ነው። ጡረታ የወጡ ዕለት መሥሪያ ቤቱ መክፈቻውን አስፈርሞ ተረከባቸው፤ ስሙን ግን የሚረከብ አልተገኘም።

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ከሴቷ ልጃቸው ጋር ነው። ልጃቸው አስተርጓሚ ናት። የምታስተረጉመው ግን በአፍ አይደለም፣ በእጅ ነው፤ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጓዳ የምታክል ክፍሏ ውስጥ፣ እጇ ጎልቶ እንዲታይ ጥቁር ሸሚዝ ለብሳ፣ ባዶ ግድግዳ ከኋላዋ አድርጋ ኮምፒውተሯ ፊት ትቀመጣለች። አንድ ሩቅ ያለ ሐኪምና አንድ ሩቅ ያለ በሽተኛ በዚያች መስኮት ይመጡና በእሷ እጅ ይነጋገራሉ።

ይህን ሥራ የሰጣት መሥሪያ ቤት ለአንድ ወር በሙከራ ነበር የቀጠራት። በወሩ መጨረሻ ፈተና አለ። ምስሉ ሳይቆራረጥ ፈተናውን ካለፈች፣ ከቤቷ ሆና ትሠራለች። ከተቆራረጠ ግን ዋናው መሥሪያ ቤት ወዳለበት ሩቅ ከተማ ሄዳ እዚያው መግባት አለባት። ያኔ ይህ ቤት ይዘጋል፤ እሷና ባሏ ወደዚያ፣ ልጃቸው ወደ ተማሪዎች ማደሪያ፣ አባ ፈረቃ ደግሞ ወደ ወንዱ ልጃቸው። ወንዱ ልጅ ክፉ ሆኖ አይደለም። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሁሉም ማልዶ ይወጣል፣ ሁሉም መሽቶ ይገባል። አንድ ጊዜ እዚያ ሳምንት ሰንብተው ሲመለሱ፣ «እንዴት ናቸው?» ብትላቸው ልጃቸው፣ «ግድግዳዎቹ ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሻል» አሏት።

እንግዲህ የመስመሩ ነገር የዚህ ሁሉ ነገር ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ኮምፒውተር የአማቻቸው ነው። ፎቶ አንሺ ነው፤ ሠርግ ያነሳል፣ ምርቃት ያነሳል። ሦስተኛው የልጅ ልጃቸው ነው፣ የተማሪዋ። «ሚጢጢ» ይሏታል፤ በልጅነቷ የወጣላት ነው እንጂ አሁን የበሩን ጉበን ጎንበስ ብላ ነው የምታልፈው።

ከሰዓት በኋላ ሲሆን ቤቱ ይጀምረዋል።

«እናንተ ሰዎች፣ ማነው የሚጎትተው?» ትላለች ልጃቸው ከክፍሏ። «እጄ አየር ላይ ቀረ። ሐኪሙ ‹በቀን ሦስቴ ውሰድ› አለ፣ ሰውየው ‹በቀን› ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።»

«እኔ ጽሑፍ ነው የማነበው» ትላለች ሚጢጢ። ጽሑፉ ሲዘፍን ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል።

«ዘፋኝ ጽሑፍ ነው መሰለኝ» ይላሉ አባ ፈረቃ።

«አባባ፣ አንተ ደግሞ ዛሬ ጆሮህ በራልህ።»

መስመሩን ለቤቱ የምታድለው የኢንተርኔት ሳጥን የምትቀመጠው ኮሪደሩ ላይ፣ ከጫማ መደርደሪያው በላይ ነው። የአባ ፈረቃም ወንበር ከሥሯ ነው። ትንሽ ናት፣ የዳቦ ግማሽ ታክላለች፤ ፊቷ ላይ አራት አረንጓዴ መብራቶች ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ይገልጣሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በበሩ መስታወት ገብቶ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጫማዎቹ ይሄዳል፣ አንዱን ጫማ ለብሶ የሚወጣ ነው የሚመስለው። በዚያ ሰዓት አባ ፈረቃን እንቅልፍም አይደለም፣ ንቃትም አይደለም፣ መሐል ላይ ያለው ነገር ይይዛቸዋል። አንገታቸውን ወደ ግድግዳው ዘንበል ያደርጋሉ። ግድግዳው ውስጥ ይሰማቸዋል። ውሃ ነው፣ ግን ከውሃ የቀለለ፤ የማያርስ፣ ብርሃን ብርሃን የሚሸት። በውስጡ ሰዎች ይሄዳሉ። ሐኪሙ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ተንሳፍፎ ያልፋል። የሚጢጢ መምህር ሰሌዳውን እንደያዘ ይከተላል። ከዚያ ሙሽሮች ይመጣሉ፣ አንድ ሁለት አይደሉም፣ ሰልፍ ናቸው፤ ቬሏቸው ረጅም ነውና ቧንቧው ማጠፊያ ላይ ይይዛቸዋል፣ ቆመው ቬሏቸውን ይሰበስባሉ፣ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ይጠብቃቸዋል።

አንድ ቀን ከዚህ ሕልም ሲነቁ፣ አባ ፈረቃ አሰቡ። ውሃ ሲያንስ ምን ይደረጋል? ይዘጋል። ሲዘጋ ይጠራቀማል። ሲጠራቀም ይለቀቃል፣ ግፊቱም ደህና ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ልጃቸው ትምህርት ቤት ናት፣ ሚጢጢም ትምህርቷ ላይ፣ አማቻቸውም ሥራው ላይ። ቤቱ ባዶ ነው። ሳጥኗ ግን ክፍት ናት፤ ለማንም ሳይሆን እየፈሰሰች ነው የምትውለው። ሠላሳ አራት ዓመት የፈሰሰ ውሃ ሲያዩ የሚቆጫቸው ሰው ይህን ማየት እንዴት ይችላሉ።

በማግስቱ ሁሉም ሲወጡ በርጩማ ላይ ወጥተው ሶኬቷን ነቀሉ። አራቱም መብራቶች ጠፉ።

«ተኚ» አሏት፣ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው። «ተጠራቀሚልን።»

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ መልሰው ሰኳት።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። «ማነው የሚጎትተው» የሚል አልተሰማም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልጃቸው ትከሻዋን እያሻሸች ወጣች።

«አባዬ፣ ዛሬ ኔቱ ውሃ ነው የሆነልኝ።»

አባ ፈረቃ ሳቃቸውን በመሐረብ አፈኑት። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ፣ በሦስተኛውም፣ በስምንተኛውም። ለማንም አልተናገሩም። ሰው በልቡ አንድ ደግ ነገር ደብቆ ሲዞር ፊቱ ይለወጣልና፣ እርምጃቸው ራሱ ቀለለ፤ ከኩሽና ወደ ኮሪደር ሲመላለሱ መክፈቻው ተመልሶ ትከሻቸው ላይ ያለ ይመስላቸው ነበር።

ያልተደሰተው አማቻቸው ብቻ ነው።

«አንዲት ሙሽራ ፎቶዬ አልደረሰኝም እያለች ልታብድ ነው» አለ አንድ ምሽት ራት ላይ። «ጠዋት ስወጣ ላክ ብዬው እሄዳለሁ። ስመለስ ‹አልተሳካም› ይለኛል።»

«ፎቶዋን ነው የምትልከው ወይስ ራሷን?» አሉት አባ ፈረቃ።

«አባባ፣ እርስዎ ይቀልዳሉ። እሷ እኮ ካገባች ሦስት ሳምንቷ ነው። ባልየውን የምትለየው በፎቶው ነው መሰለኝ።»

ሁሉም ሳቁ፣ ነገሩም በሳቅ አለፈ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው በከንቱ አይደለም።

የፈተናው ቀን መጣ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ልጃቸው ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ወስዳ ቤት ዋለች። ኮምፒውተሯን አልከፈተችም፤ ስልኳንም መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። መስታወት ፊት ቆማ፣ ዓይኗን ግማሽ ጨፍና፣ በእጇ ለራሷ ታወራ ነበር። ጣቶቿ ሲከፈቱና ሲታጠፉ የሸሚዟ እጅጌ ይንሿሿል፣ ከዚያ ሌላ በቤቱ ውስጥ ድምፅ አልነበረም። አባ ፈረቃ በበሩ ቀዳዳ አይተዋት እግራቸውን እያነሱ ተመለሱ።

ለእንዲህ ያለ ቀን የግማሽ ቀን ጥርቅም አይበቃም ብለው፣ ሶኬቷን ገና ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነቅለዋት ነበር። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሰኳት። አራቱ መብራቶች አንድ በአንድ ነቁ። መሳቢያው ውስጥ ያለው ስልክ ወዲያው ጥርር አለ። ደግሞ ጥርር። ደግሞ።

ልጃቸው መሳቢያውን ከፍታ አነበበች። ስልኩን እንደያዘች ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ጫማ መደርደሪያው ላይ ተቀመጠች።

«ምነው?» አሉ አባ ፈረቃ።

«ሁለት ሰዓት ላይ ጽፈውልኛል። ፈታኟ ከሰዓት በኋላ መንገደኛ ስለሆነች ፈተናው ወደ አራት ሰዓት ዞሯል ይላል። አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ‹እየጠበቅንሽ ነው›።» ስልኩን ራቅ አድርጋ ያዘችው። «የመጨረሻው፣ ‹አላገኘንሽም፤ መስመርሽ እንደማይሠራ መዝግበናል› ይላል።»

«ምናለ ቢደውሉ?»

«ፈታኟም ጸሐፊዋም መስማት የተሳናቸው ናቸው አባዬ። ይጽፋሉ እንጂ አይደውሉም። ግን ለምን አሁን ደረሰኝ? ስልኬም እኮ ከዚችው ሳጥን ነው የሚቀበለው። ጠዋት ጠፍቶ ነበር እንዴ?»

አባ ፈረቃ መዋሸት ይችሉ ነበር፤ መብራት ሄዶ ነበር ቢሉ ማን ይጠይቃቸዋል። ነገር ግን አንድም ቀን ዘግተው ከፍቻለሁ ብለው አያውቁም።

«እኔ ነኝ የዘጋሁት» አሉ። «በየጠዋቱ ነው የምዘጋው። እንዲጠራቀምልሽ ብዬ።»

ልጃቸው አልጮኸችም። እጆቿ ብቻ ጭኗ ላይ ወደቁ፣ ተዘርግተው ቀሩ። አባ ፈረቃ ከጩኸቱ ይልቅ እነዚያን እጆች ማየት አቃታቸው።

በዚህ መሐል ሚጢጢ ለእናቷ መልካም ዕድል ልትመኝ ከትምህርቷ እየሮጠች ገባች። ነገሩን ሰማች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ሳጥኗን ቀና ብላ አየቻት፣ አያቷንም ጎንበስ ብላ አየቻቸው።

«አባባ፣ ታንከሩ የት ነው?» አለች።

«የምን ታንከር?»

«የሚጠራቀምበት።»

አባ ፈረቃ ሳጥኗን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ታንከር የሌለው ቧንቧ ቢዘጋ ምን ይጠራቀማል? ያልቀዳኸው ውሃ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፣ አለቀ። ይህን ለስንቱ አዲስ ሠራተኛ አስተምረዋል። ለራሳቸው ሲሆን ግን ሕልም ጋረዳቸው።

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አሉ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «እኔን ነው ያሉት።»

«ተወው አባዬ» አለች ልጃቸው፣ እየተነሳች። «መንገደኛ ናት ብለዋል። ምናልባት ገና አልወጣችም ይሆናል።»

ገብታ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ጥቂት ቆይቶ በመስኮቷ አንዲት ሽበታም ሴት ብቅ አለች፤ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው፣ መነጽሯ ግንባሯ ላይ ነው፣ ሰውነቷ ግማሹ ወጥቷል። የልጃቸው እጆች ተነሱ። ተነስተው ብዙ ተናገሩ። ሴትዮዋ አጭር ነገር መለሰች፣ አንድ ጣቷን ብቻ አንስታ።

«ምን አለች?» አሉ አባ ፈረቃ ከበሩ።

«ምክንያቱን ጠየቀች። መስመሩ ነው አልኳት።»

«እኔ ነኝ አላልሻትም?»

«አላልኳትም።»

ልጃቸው ልትሸፍናቸው መሆኑን አዩ። በእሳቸው ጥፋት የእሷ ቤት ሊዘጋ፣ እሷ ደግሞ እሳቸውን ከኋላዋ ትደብቃለች። ይህን የሚችል ጀርባ አልነበራቸውም። ገብተው ከልጃቸው ጎን፣ ካሜራው ፊት ቆሙ።

የውሃ ቁልፍ የሚከፍቱና የሚዘጉ ሠራተኞች የሚግባቡበት አንድ ነገር አለ። አንዱ ላይኛው ጉድጓድ ላይ፣ አንዱ ታችኛው ላይ ሆነው፣ መሐላቸው መኪና ሲያልፍ ጩኸት አይሰማም። ስለዚህ በክንድ ነው የሚነጋገሩት። አባ ፈረቃ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፦ እኔ። ሁለት ክንዳቸውን አጣመሩ፦ ዘጋሁ። ልጃቸውን አመለከቱና ጣታቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ፦ እሷ አይደለችም። ቀጥለውም አንዱን መዳፍ በሌላው ላይ እየደረቡ ወደ ላይ ከፍ፣ ከፍ አደረጉ፦ እየሞላ፣ እየሞላ።

ሴትዮዋ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። ቦርሳዋን አስቀመጠች። ከዚያ በእጇ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው።

«ምን እንዲሞላ ነው የፈለጉት ነው የምትለው» አለች ልጃቸው።

ለዚያ ምልክት አልነበራቸውም። ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ሁለት እጆች አንስተው አሳዩዋት።

ሴትዮዋ የተነሱትን እጆች አየች። ከዚያ ተናገረች፣ ልጃቸውም ቃል በቃል በአፏ ተከተለቻት።

«ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ካለሁበት ሆኜ። ግን ፈተናው ያው ፈተና ነው። ለአባት ተብሎ የሚቀነስ የለም። ከተቆራረጠ ተቆራርጧል።»

የዚያን ዕለት ገና ሳይመሽ አባ ፈረቃ ወረቀትና እርሳስ ይዘው እንደ ድሮው ሥራ ጀመሩ። ውሃ ሲያንስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ይቀዳል ነው። ያን ሳይጠይቁ ነበር ቁልፍ የነኩት። አማቻቸውን ከፊታቸው አስቀመጡት።

«ጠዋት ላክ ብለኸው የምትሄደው ስንት ፎቶ ነው?»

«አንድ ሺህ ሁለት መቶ።»

«ለአንዲት ሙሽራ?»

«ስድስት ሚዜ ነበራት አባባ።»

ሚጢጢ ጣልቃ ገባች። «አባባ፣ ወደ ቤት የሚመጣው መስመር ሰፊ ነው፣ ከቤት የሚወጣው ግን ቀጭን ነው። የእማዬ ምስል የሚወጣው በቀጭኑ ነው። የአባዬም ፎቶ በዚያው ነው የሚወጣው። ጠዋት የጀመረው እስከ ማታ አያልቅም።»

አባ ፈረቃ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ማጠፊያው ላይ ቆመው ቬሏቸውን የሚሰበስቡት ሙሽሮች ዓይናቸው ላይ መጡ። «እንግዲያው እኔ ጠዋት ስነቅለው የእሱ መላክ ይቋረጣል፤ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ለእሷ ባዶ ይሆናል» አሉ። «መድኃኒቱን ሳላውቅ ነበር የማድነው።»

«የእኔን ሙሽራ እየገደሉ» አለ አማቻቸው።

«ከእንግዲህ አትሞትም። ልጄ ሥራ ላይ ስትሆን አትልክም፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ትለቃቸዋለህ፣ ሌሊቱን ሲሄዱ ያድራሉ። ሚጢጢም በዚያ ሰዓት የማይዘፍነውን ጽሑፍ ታነባለች።»

«የእኔም እኮ ሥራ ነው አባባ። ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምከለከለው?»

«አትከለከልም፣ ትፈረቃለህ። መከልከልና መፈረቅ አንድ ነው እያለ ስንቱ ሰፈር ደንጋይ ተወራውሯል። ቀንህ እንዳይነካብህ የምቆምልህ እኔው ነኝ። ማንም በአንተ ሌሊት ቢቀዳ ለእኔ ንገረኝ።»

አማቻቸው ራሱን አከከ። ከዚያ ሳቀ። «እሺ። ግን ወረቀቱ ላይ ይጻፍልኝ» አለ።

ተጻፈ።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ አባ ፈረቃ ከሳጥኗ ሥር ተቀመጡ። ሥራቸው ምንም አለመንካት ነበር፤ ለቁልፍ ሰው ከዚህ የከበደ ሥራ የለም። እጃቸውን ጭናቸው ሥር አስገብተው ተቀመጡበት። በተገርበበው በር የልጃቸው ትከሻና እጆቿ ይታያሉ። ጥቁሩ ሸሚዝ ከጥላው ጋር አንድ ሆኖ፣ እጆቹ ብቻቸውን አየር ላይ ያሉ ይመስላል፤ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ አንዱ ሌላውን ነክቶ ይመለሳል። የጠዋቱ ብርሃን በጣቶቿ መሐል ያልፋል። አባ ፈረቃ አንድም ቃል አይገባቸውም። ግን የሚፈስ ነገር ሲያዩ ያውቁታል። የማይንደቀደቅ፣ የማይቆም፣ አየር ያልገባበት። ዓይናቸው ከበደ፤ ግድግዳው ቀለለ፤ ቤቱ ከመሠረቱ ትንሽ ተነስቶ መንሳፈፍ የጀመረ መሰላቸው፣ ከነጫማዎቹ፣ ከነሰዉ ሁሉ።

ድንገት ከአራቱ መብራቶች አንዷ ጠፋች።

እጃቸው ከጭናቸው ሥር ወጣ። ሶኬቷ ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ቀረው። እዚያው አየር ላይ አቆሙት። ክፍሉን አዩ፤ እጆቿ አልቆሙም። ከዚያ ከኮሪደሩ ማዶ የአማቻቸው በር በቀስታ ተከፈተና፣ እሱ በካልሲው ብቻ ብቅ አለ፤ የራሱን ገመድ ነቅሎ በእጁ ይዞታል፤ የጠፋችው መብራት የዚያ ገመድ ነበረች።

«ምናልባት ብዬ ነው» አለ በሹክሹክታ። «በራሱ ከጀርባ የሚቀዳ ነገር ቢኖር።»

አባ ፈረቃ በጭንቅላታቸው ብቻ አመሰገኑት።

አርባ ደቂቃ ፈጀ። ልጃቸው ስትወጣ ፊቷ ባዶ ነበር፣ ሩቅ ደርሶ እንደተመለሰ ሰው። ጫማ መደርደሪያው ላይ፣ ከአባቷ ጎን ተቀመጠች።

«አልተቆራረጠም» አለች።

«እሷስ ምን አለች?»

«ሦስት ስህተት አገኘችብኝ። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ከቤትሽ ሥሪ አለችኝ።» ራሷን ትከሻቸው ላይ አሳረፈች። «አንተ ግን ሳጥኑ አጠገብ እንዳትቀመጥ ብላለች።»

«የት ልቀመጥ ታዲያ?»

ልጃቸው ግን ወሩን ሙሉ ያልተኛችውን እንቅልፍ እዚያው ተኝታው ነበር። ኩሽና ውስጥ ሚጢጢ ብርጭቆ ስታጥብ ይሰማል፤ አማቻቸው ገመዱን ይዞ እግሩን እያነሳ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ የልጃቸው ጣቶች ጭኗ ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ፣ በዝግታ፣ የቃል ቁራጭ የቃል ቁራጭ እየሠሩ። ለማን እንደምታወራ አባ ፈረቃ አላወቁም። የማንንም ፈረቃ አልነካችምና፣ ዝም ብለው ተዉአት።